የሐሙሱ መርከብ

ጎንደር
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዓይናዲስ ሐብተ ማርያም፣

ዓይናዲስዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከዚያ በረዶ አውጥቶ የብስ ያስረገጠሽ አምላክ ይመስገን።

ይህን ወረቀት ኬፕታውን ያለችው ጓደኛሽ ፍሬ በእጅሽ ስትሰጥሽ መርዶውን አስቀድማ ነግራሻለች ማለት ነው። ኬፕታውን ያሉትን ያገራችንን ሰዎች እንድትሰበስብ፣ ከመርከብ እንደወረድሽ ሳይሆን አርፈሽ፣ እህል ቀምሰሽ፣ በማግስቱ ማለዳ እንዲነግሩሽ አደራ ብያታለሁ። ስለዚህ እናትሽ እንኳየሁ መሞቷን አሁን ታውቂያለሽ። ያረፈችው መጋቢት 12 ቀን ነው፤ ስምንት ወር አልፏል። በየእሑዱ እየደወልሽ «እማ» ስትዪ ያነጋገርኩሽ እኔ ነበርኩ። እኔ ዝናሽ።

ይህንንም ፍሬ ነግራሻለች። እኔ የምጽፍልሽ እሷ የማታውቀውን ነው። ለእህቷ ሠርግ መጥታ እዚህ በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ ጉልበቴን ለመሳም ነበር የሚቃጣት። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም እንደዚያው ነው። «አንቺ ባትኖሪ ያች ልጅ በበረዶ መሃል ታብድ ነበር» ይሉኛል። ስትመጪ አንቺም እንዳታመሰግኚኝ ብዬ ነው የምጽፈው። በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው የእናትሽ ድምፅ ነው።

እኔና አንቺ ክፉ አልነበርንም። ደባርቅ ሳስተምር፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰሽ ቧሂት ላይ የጥንት በረዶ ፈለግ ስትፈልጊ፣ ሦስት ወር እኔ ቤት ተቀምጠሻል። ባሌ ስማቸው ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ጥሎኝ የሄደው በዚያው ዓመት ነበር። ማታ ማታ የረጠበ ካልሲሽን እሳት ዳር እየዘረጋሁ ሳለቅስ ታይኛለሽ። አንድ ቀን በበቅሎ ጭነሽ ወሰድሽኝና ጥቁር አለት ላይ የተጋደሙ ጭረቶች አሳየሽኝ።

«ይኼን የቧጨረው ማን ይመስልሻል እትዬ ዝናሽ?»

«ማረሻ ነዋ።»

«እዚህ ማን ያርሳል?» ብለሽ ሳቅሽ። «በረዶ ነው። አንድ ጊዜ ይህን ተራራ በሙሉ ለብሶት ነበር። እየተንሸራተተ ሲወርድ ሥሩ የያዘው ጠጠር ነው አለቱን እንዲህ የቧጨረው። በረዶው ከሄደ ስንት ሺህ ዓመቱ፤ ጭረቱ ግን ይኸው።»

ስንመለስ ከበቅሎዋ አጠገብ እየሄድሽ «ልጅ የለኝም ብለሽ አታልቅሺ፤ እኔ አለሁልሽ አይደል?» አልሽኝ። አንቺ ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ለማጽናናት የተባለ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይዤው ኖርኩ።

ከዚያ የሄድሽበትን ሁሉ ከሩቅ ተከተልኩሽ። አባትሽ መሪጌታ ሐብተ ማርያም «ድንጋይ ማንሳት የጀመረች ሴት ልጅ ቤት አትሠራም» ብሎ ሲያኮርፍ፣ ኖርዌይ እንድትሄጂ ያስፈቀድኩልሽ እኔ ነኝ፤ ደብዳቤ ጽፌ፣ ዘመድ ልኬ። እናትሽ ስትሸኝሽ አላለቀሰችም። የቦርሳሽን ማሰሪያ አጠበቀችልሽና «በይ ሂጂ» አለች፣ አለቀ። እንኳየሁ እንደዚያ ነበረች፤ ፍቅሯን ፊቷ ላይ የማታወጣ ሴት። ከሰሜኑ ጫፍ በረዶ ወደ ደቡቡ ጫፍ ተሻግረሽ፣ በመጀመሪያው ጉዞሽ ከግራ እጅሽ ሁለቱን ጣቶች ብርዱ ቆርጦ ሲያስቀርብሽ፣ ለሰው «መኪና በር ነው» እያለች ትዋሽ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ግን ያችን እጅሽን በነጠላዋ ሥር ይዛት ነበር የምትቆመው። ይህን አንቺም የምታውቂው አይመስለኝም፤ ብርድ ገብቷት ይመስልሽ ነበር።

ጦርነቱ ዛሪማ ሲደርስ ደባርቅን ለቅቄ እናንተ ቤት መጣሁ። ለወር ነበር አመጣጤ። የእናትሽ ጉሮሮ ላይ እብጠቱ ሲወጣ ቀረሁ። አንቺ ለአሥራ አራት ወር ደቡቡ ጫፍ በረዶ ላይ ወዳለው የምርምር ጣቢያ ከሄድሽ በኋላ ነው የባሰባት። ሐኪሞቹ ቆርጠው አዩና ጊዜው አልፏል አሉ። እናትሽ ሰማቻቸው፤ ከዚያ በቀጥታ ለእኔና ለአባትሽ «ለዓይናዲስ ትንፍሽ እንዳትሉ። ሥራዋን ትጨርስ» አለችን። ከጥምቀት በኋላ ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ፤ በሹክሹክታ ብቻ ቀረች።

«ድምፃችን አንድ ነው፤» አለችኝ። «ሰው ሲቀላቅለን አይደል የኖርነው? እሑድ ስትደውል አንቺ አነጋግሪልኝ።»

እንግዲህ የመጀመሪያው ውሸት የእሷ ነው። የቀረው የኔ ነው።

ጥር 25 ቀን ስልኩ ጮኸ። እናትሽ አልጋው ላይ ሆና ወደኔ ገፋችው።

«እማ!» አልሽ።

«ወይ» አልኩ።

እንዲህ ቀላል ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመት ስኖር በዚያ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። ያ መስመር ምስል አያመጣም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም እየተቆራረጠ። ከበረዶው አናታቸውን ብቅ ያደረጉ ተራሮች ላይ እየወጣሽ ድንጋይ መልቀምሽን ነገርሽኝ። በረዶው ትቶት ከሄደ ስንት ዘመን እንደሆነው ድንጋዩ ራሱ ይናገራል አልሽ። ደስ ብሎኝ እሰማሽ ነበር። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ።

«ዝናሽ አጠገብሽ አለች?»

«የለችም።»

«አሁንም አልሄደችም እንዴ?»

«ወዴት ትሂድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እማ፣ ያልወለደ ሰው የሰው ቤት ከሞቀው አይነሳም። ነገ ስትደክሚ ቤቱ የኔ ነው ብትልሽስ? አባቴ እንደሆነ የዋህ ነው። አንቺ አትጣዪ፤ ስመጣ እኔው እነግራታለሁ።»

«እትዬ» እንኳ አላልሽኝም፤ ዝናሽ ብቻ። ስልኩን ስዘጋ እናትሽ «ምን አለች?» አለችኝ። «ደህና ነኝ አለች» አልኳት። ያን ዕለት የእናትሽን አንሶላ አጠብኩ፣ ጉሮሮዋን አበስኩ፣ በማንኪያ አጥሚት አጠጣኋት። እያንዳንዱን ስሠራ ያን ቃል እደግመው ነበር፤ የሰው ቤት ከሞቀው አይነሳም።

አሁን ወደ ቅበላው እሑድ ልምጣ። የካቲት 16 ነው። ጾሙ ሰኞ ይገባል። ጠዋት እናትሽ እጄን ያዘችኝ።

«ዝናሽ፣ ልጄን አምጪልኝ።»

«ሥራዋን ትጨርስ አላልሽም?»

«ያን ያልኩት ሞት ሩቅ መስሎኝ ነው። ዛሬ ስትደውል ትምጣ በያት። እምቢ ካለች ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ፤ ብተነፍስባት ትሰማኛለች።»

«እሺ» አልኳት። እውነቴን ነበር። መድኃኒቱ አሸልቧት ሳለ ደወልሽ። እንዳልቀሰቅሳት ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ መስመሩ ስለሚቆራረጥ የስልኩን ማጉያ ከፈትኩት።

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አልሽ። «ድምፅሽ ድሮ እንዲህ አይደለም፤ የሆነ ነገር አለ። መርከቡ ሐሙስ ይነሳል። ከሐሙስ በኋላ እስከ ኅዳር መጨረሻ መርከብም አውሮፕላንም አይመጣም። ክረምቱ ከዘጋ ብትሞቺ እንኳ አልደርስልሽም። አለቃዬን ጠይቄዋለሁ፤ ከፈለግሽ ሂጂ ብሎኛል። ልምጣ?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ነይ።

«ምን ልትሠሪ?» አልኩሽ።

«አይ፣ ካመመሽ ብዬ…»

«ጉንፋን ነው። ይኼን ያህል ለፍተሽ ጉንፋን ልታስታምሚ ትመጫለሽ? ሥራሽን ጨርሺ።»

«እውነትሽን ነው እማ? ማይልኝ።»

ሚካኤልን ጠርቼ ማልኩልሽ። «እሺ» አልሽ።

ሰይጣን አሳሳተኝ አልልሽም። ሰይጣን እዚያ አልነበረም። ፀሐይ ነበር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ነበር፣ እኔ ነበርኩ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አሰብኩ። አንደኛው፣ ከመጣች ታስወጣኛለች። ሁለተኛው፣ ከመጣች «እማ» የምትለው እሷን ነው። የቱ እንደበለጠብኝ ስምንት ወር ሙሉ ሳሰላስለው ኖርኩ፤ እስካሁን አልለየሁትም።

ስገባ እናትሽ ነቅታለች። ዐይኗ በር በሩን ያያል።

«ደወለች?»

«ደወለች።»

«ትመጣለች?»

እዚህ ላይ እንኳ መመለስ ይቻል ነበር። ስልኩን አንስቼ ወደ ጣቢያው መደወል እችል ነበር፤ ቁጥሩን አንቺው ነሽ የሰጠሽን። ሐሙስ እስኪሆን አራት ቀን ነበረኝ።

«ሥራዬን ጥዬ አልመጣም አለች» አልኳት።

«አልመጣም? በዚሁ ቃል?»

«በዚሁ ቃል።»

«ስልኩን ወደኔ አምጪልኝ አላልኩሽም?»

«ዘጋችው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋው ሥር ያለውን ሳጥን አሳየችኝ። ያንቺን ሳጥን፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ከሊማሊሞ የለቀምሻቸውን ድንጋዮች፣ እያንዳንዱ ላይ በእጅ ጽሑፍሽ ቀንና ቦታ የተለጠፈበትን። «ከዚህ ቤት ይውጣልኝ» አለች። ግንበኛው ባዬ ለጎረቤት አጥር ያቆም ነበር፤ ጠራሁት። «ወይዘሮ ዝናሽ፣ ወረቀት አላቸው እኮ፤ የልጅቱ አይደሉም?» አለኝ። «ውሰደው» አልኩት። ወረቀቶቹን እየላጠ መሠረቱ ውስጥ ሲጥላቸው በመስኮት አየሁት። እናትሽ ድምፁን ትሰማ ነበር። ሰላሳ ዓመት የሰበሰብሽው ድንጋይ አሁን የሰው አጥር ሥር ነው ያለው፤ መልሼ ላወጣልሽ አልችልም።

ሐሙስ አለፈ።

ፍሬን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ ለምን እንደጠየቅኋት ሳታውቅ መለሰችልኝ። መርከቡ በአሥራ አንድ ቀን ኬፕታውን ገብቷል፤ መጋቢት 1 ቀን ማለት ነው። በአውሮፕላን ሁለት ቀን ጨምሪበት። መጋቢት 3 አዘዞ ትወርጂ ነበር። እናትሽ እስከ መጋቢት 12 ቆይታለች። ዘጠኝ ቀን ነበረሽ፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከእናትሽ ጋር።

በእነዚያ ቀናት አንቺ በየእሑዱ ስትደውዪ እናትሽ ስልኩ ሲጮኽ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። «አውሪያት፤ እኔ የማወራው የለኝም» ትለኛለች። ሊጠይቁ የሚመጡት ሰዎች «ዓይናዲስ አልሰማችም?» ሲሉ «ሰምታለች። ሥራ ይዛ ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ እንኳ አላማችሽም። ከዚህስ ብታማርር ይሻል ነበር።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። ሌሊቱን ትኩሳት ይዟት አድሮ፣ ነግቶ ሰው ቅዳሴ ሊሄድ ሲነሳ ዐይኗን ከፈተች፤ የምታየኝ ግን አልመሰለኝም።

«ዓይናዲስ?» አለች።

አባትሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላ ሰው የለም። ከበደልኳት አንዷን ቁራጭ የምመልስላት መሰለኝ።

«አቤት እማ» አልኳት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

ፊቷ እንዴት እንደበራ አልጽፍልሽም፤ ለኔ ይቅር። «እጅሽን አምጪ» አለች። ሰጠኋት። ሳላስበው ግራ እጄን ነበር። ጣቶቼን አንድ ባንድ በጣቷ ነካች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ አራተኛውን ነካች። ከዚያ አምስተኛውን።

«ዝናሽ ነሽ» አለች።

እጇን ከእጄ አውጥታ ጋቢው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ አረፈች።

የደባርቅ ዘመዶቿ መንገዱ ተዘግቶ ለቀብሩ አልደረሱም። ከቀብር መልስ አባትሽ፣ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ኢየሱስና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። «ይህች ልጅ ከስምንት ወር በፊት መውጫ የላትም። የሚይዛት ዘመድ በሌለበት በረዶ መሃል መርዶ አይነገርም» ተባባሉ። አባትሽ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ድምፁ አለሽ። ከባድ ነው፤ ግን ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ቻዪልን» አለኝ። ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱልኝ።

በሦስተኛው ቀን እሑድ ደወልሽ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ስልኩ ሲጮኽ አንዷ «ዓይናዲስ ናት» አለች፤ የሚያለቅሰው ሁሉ አፉን በነጠላው ያዘ። ያ ሁሉ ሰው ፀጥ ብሎ እያየኝ «ወይ ልጄ» አልኩሽ።

«ምነው ቤቱ እንዲህ ዝም አለ?»

«ጾም አይደለም እንዴ?»

«እኔማ እዚህ ጾሙንም ረስቼዋለሁ» ብለሽ ሳቅሽ። ሳቅሽ በስልኩ እስከ ውጭ ተሰማ። ከመካከላቸው አንዷ መቻል አቅቷት ወጥታ ሮጠች።

ክረምትሽን ሁሉ ለኔ ነገርሽኝ። ፀሐይ ጠልቃ ሁለት ወር እንዳልወጣች፣ ምግብ ቤቱ ድረስ ለመሄድ ገመድ ይዛችሁ እንደምትጓዙ፣ በጨለማው ወር ሰው ሁሉ ያለምክንያት እንደሚጣላ። ለማንም ያላልሽውን አልሽኝ፤ ከመጀመሪያው ጉዞሽ የተመለስሽው ጣትሽን ትተሽ ብቻ እንዳልነበረ፣ ልታገቢው የነበረው ሰው እጅሽን አይቶ እንደቀረ። ያን ለእናትሽ ነግረሻት ቢሆን «ይቅርብሽ» ብላ ታልፈው ነበር። እኔ ግን ጠየቅኩሽ፤ ስሙን፣ መልኩን፣ ምን እንዳለሽ። ሐምሌ ላይ ስለ መካኒካችሁ ነገርሽኝ፤ አገሩ ያለ ልጁ መሞቱን በሬዲዮ ሰምቶ ኮት ሳይደርብ ጨለማው ውስጥ እንደወጣ፣ ሦስት ሆናችሁ ጎትታችሁ እንዳስገባችሁት።

«ባይነግሩት ይሻል ነበር አይደል?» አልኩሽ።

«አይ እማ። እኔ ብሆን ልወቅ ነው የምለው። አንቺ አትደብቂኝም አይደል?»

«አልደብቅሽም ልጄ።»

ከዚያ ነሐሴ ላይ ያን ነገር አልሽ። «እማ፣ ልጅ ሆኜ እንዲህ አውርተሽኝ አታውቂም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ገና ዘንድሮ እናት አገኘሁ።» ስልኩን ዘጋሁ። አዘንኩ ብልሽ ውሸት ይሆናል። ደስ አለኝ። እህቴ አፈር ከገባች ገና አምስት ወሯ፣ ደስ አለኝ።

በፍልሰታ ልቆርብ ፈልጌ አባ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ሄድኩና ስለ ቅበላው እሑድ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«የሰው ሐሙስ ሰርቀሻል» አሉኝ። «የሰረቀ ንስሐ ከመግባቱ በፊት የሰረቀውን ይመልሳል።»

«ሐሙስ በምን ይመለሳል አባ?»

«እንግዲያው እውነቱን መልሺላት። እስከዚያ እኔ አላናዝዝሽም።»

ሦስት ወር እንቢ ብዬ ቆየሁ። አንድ እሑድ ጨምርልኝ፣ ሌላ እሑድ ጨምርልኝ እያልኩ። ፍሬ ረቡዕ ትመለሳለች፤ ካሁን ወዲያ ጊዜ የለኝም።

ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ደወልሽልኝ። መርከቡ እየቀረበ ነው አልሽ። ለገና ደርሰሽ ከእናትሽ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ሊማሊሞ ድረስ መሄድ እንደምትፈልጊ ነገርሽኝ። «ዝናሽን ግን ከዚያ በፊት ቤት እንፈልግላት። ክፉ ሆኜ አይደለም እማ፤ ካንቺ ጋር ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው» አልሽ። «እሺ» አልኩሽ። «እማ፣ እወድሻለሁ» አልሽ። በዚያች ቤት እንዲህ ያለ ቃል በአፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቆረጠ።

ዛሬ ጠዋት ይህን እዚህ ድረስ ጽፌ ለአባትሽ አነበብኩለት። ዐይኑ ደክሟል፤ ራሱ ማንበብ አይችልም። እንዲያባርረኝ ነበር የጠበቅሁት። ምርኩዙን ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨረስኩ መሪጌታ።»

«አልጨረስሽም። ጻፊ። ቅበላው እሑድ እኔ ጓሮ በር ላይ ቆሜ ነበር። ያልሻትን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«ምነው ያን ጊዜ ሳይናገሩ?»

«ልጅቷ 'ልምጣ ወይ?' ብላ ጠየቀቻ። መምጣት የቆረጠ ልጅ አይጠይቅም፤ መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው የሚደውለው። አሥራ አምስት ዓመት እናቷን ለበረዶ ስትተዋት ማን ልምጣ ወይ አላት? ያን ቀን ከሰው አፍ ትስማው ብዬ ዝም አልኩ። ሥራሽን ጨርሺ ስትባል 'እሺ' አለች፤ አንድ ጊዜ ካስማለችሽ በኋላ ሁለተኛ አልጠየቀችም። እንኳየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አየኋት፤ አሁንም ዝም አልኩ። መሪጌታ ነኝ፣ ባል ነኝ፣ አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እልህ ያዘኝ። ይኼን ጻፊላት።»

«ይህን አልጽፍላትም መሪጌታ። የሚቀራት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ጻፊ» አለኝ። «ድርሻዬን አትውሰጂብኝ።»

ጽፌዋለሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ምርቃት ይጨምሩላት ስለው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የምላት ካለኝ ስትመጣ ፊቴን እያየች እላታለሁ። ከመጣች» አለ።

ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት አይደለሁም። ጠዳ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። የእናትሽን ልብሶች አጥቤ በሳጥን አስቀምጫለሁ፤ ለአባትሽ የምታበስልለት ሴት፣ ወለተሩፋኤል የምትባል፣ ጠዋትና ማታ ትመጣለች። የእናትሽ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከግንቡ ሁለተኛው ነው። ድንጋይ አልተጣለበትም። አባትሽ የምትመርጠው ዓይናዲስ ናት ብሎ ነው።

ምርቃት ከኔ አፍ እንደማትፈልጊ አውቃለሁ። እንዲያው ግን ጉዞሽ ይቅናልሽ። ስታለቅሺ ደግፎ የሚይዝሽ ክንድ አይጥፋ። ለእናትሽ ነፍስ ዕረፍት፣ ለአንቺ ዕድሜ ይስጥልሽ። እኔን እግዚአብሔር እንደወደደ ያድርገኝ።

የእናትሽ እህት፣
ዝናሽ

አንብበሽ ሳትጨርሺ አታቃጥዪው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈቀድሽ። የእናትሽ ስልክ ከአባትሽ ጋር ነው፤ እሱ ያነሳልሻል። የኔን ቁጥር ፍሬ ታውቀዋለች። እንድትደውዪ ብዬ አይደለም።